የአጥር ሐረግ በጥር ይመረጣል

(አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ የመሐል አዲስ አበባ ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

ክቡራትና ክቡራን፣

በአዲስ አበባ የአትክልት ችግኝ በብዛት የሚሸጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በዚያ ወቅት በየመንገዱ ዳር በተደረደሩት የችግኝ መሸጫዎች የማይለመልም ተክል የለም፤ የሁሉም ቅጠል ያበራል፣ የሁሉም ጫፍ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሻጩም ስለ የትኛውም ሐረግ ቢጠየቅ «ይኼ ብርድ አይፈራም» ብሎ በቅን ልቡ ይመልሳል። ገዢው ችግኙን ወስዶ በአጥሩ ሥር ይተክለዋል፣ ሐረጉም እስከ ጥቅምት ድረስ ደህና ይሄዳል። ኅዳር ሲገባ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ በታኅሣሥ ጫፉ ይጠቁራል፣ በጥር የሚቀረው ሽቦ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ እንጨት ነው፤ ያን ጊዜም ግቢው ለመንገደኛውም ለጎረቤቱም ዓይን ወለል ብሎ ይጋለጣል። ስለዚህ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ገመና የሚሸፍን ሐረግ መመዘን ያለበት በበጋው እኩሌታ፣ ማለትም ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት፣ ዝናቡ በጠፋበትና የቀኑ ፀሐይ በሚበረታበት በጥር ወር በሚያሳየው መልክ ነው።

ከውጭ አገር በሚመጡ የዘር ፓኬቶችና በልዩ ልዩ የአትክልት ምክሮች ላይ የሚጻፈው የብርድ መቋቋም ደረጃ ለእኛ ከተማ ተብሎ የተሰላ አይደለም። በስፋት የሚጠቀሰው መለኪያ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው የቀጠና ካርታ ሲሆን፣ መሠረቱም በአንድ አካባቢ በየዓመቱ የሚደርሰው እጅግ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አማካይ ነው። ቀጠና 5 ተብሎ የተጻፈበት ሐረግ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢደርስበትም ሥሩና ግንዱ አይሞትም ተብሎ ይታሰባል። ካርታው ስለ ቅጠሉ ግን ምንም አይናገርም። በእነዚያ አገሮች ብርድ ቻይ የሚባሉት ሐረጎች አብዛኞቹ ክፉውን ወቅት የሚያልፉት ቅጠላቸውን አራግፈው፣ እንቡጣቸውን ዘግተው፣ ለወራት በመተኛት ነው። ለተክሉ ይህ መዳኛ ነው፤ ገመናውን ሊሸፍን ለተከለው ሰው ግን አጥሩ ራቁቱን ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ ከእንቅልፋቸው በደንብ ለመንቃት ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብርድ ሰዓታት ማሳለፍ ይኖርባቸዋል። በአዲስ አበባ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ያ ድምር አይሟላም፤ ተክሉም ተኝቶ አያርፍ፣ ነቅቶ አያብብ፣ አንዱ ቅርንጫፉ ሲያቈጠቁጥ ሌላው እንደ ደረቀ ይከርማል። በአገራችን ደጋዎች ፖም ሲተከል እንደ «አና» ያሉ ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች የሚፈለጉት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚችል ሐረግ አዲስ አበባ ላይ ሊሸነፍ ይችላል፤ ዜሮን ብቻ የሚችል የደጋ ሐረግ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊኖር ይችላል።

የከተማችን ብርድ የራሱ ጠባይ አለው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በላይ ይቀዘቅዛል፤ ነፋስ በሌለበት የበጋ ሌሊት ግን ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፣ መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ከዳገቱም ቁልቁል እየተንሸራተተ በወንዝ ሸለቆዎች ውስጥ ይጠራቀማል። በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ዳር፣ በረባዳው ላይ ያለ ግቢ ከእሱ በላይ ጉብታው ላይ ካለው ግቢ ይልቅ በታኅሣሥ ሌሊት ሊብስበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የሜትሮሎጂ ቴርሞሜትር በሰው ቁመት ገደማ፣ በነጭ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነው፤ ሰማይን ፊት ለፊት የሚያይ ቅጠል ግን በጠራ ሌሊት ከአየሩ በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። በዜና ዝቅተኛው ሙቀት 3 ወይም 4 ዲግሪ ነው ተብሎ በተነገረ ማግስት በረባዳ ግቢ ሣር ላይ ነጭ አመዳይ ቢታይ ሊያስገርመን አይገባም።

አመዳዩ ብቻውን ብዙ ሐረግ አይገድልም። የሚገድለው መደራረቡ ነው። ሌሊት ቅጠሉ ይቀዘቅዛል፣ ሥሩ ያለበት አፈር ደርቋል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ደመና የማይጋርዳት የደጋ ፀሐይ በኃይል ትወጣለች፤ ቅጠሉ ውኃ መትነን ሲጀምር ሥሩ የሚያቀብለው የለውም። በተለይ ወደ ምሥራቅ በሚያይ አጥር ላይ አመዳይ ያረፈበት ለጋ ቅጠል በጠዋት ፀሐይ ድንገት ሲመታ ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ወደ ምሥራቅ ለሚያይ አጥር ጠንካራና ወፍራም ቅጠል ያለውን፣ ወደ ምዕራብ ለሚያየው ደግሞ ትንሽ ስስ የሆነውን መምረጥ ጥሩ ነው እላለሁ።

ስለ አቅጣጫ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ፀሐይ በቀትርም ቢሆን አናታችን ላይ አትቆምም፤ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የግንብ አጥር በዚያ ወር በቀትር ጊዜ ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲም ገደማ ነው። ስለዚህ የግንቡ ሰሜናዊ ፊት ለሳምንታት ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ አያገኝም፣ ሥሩም ዘወትር ይበርዳል። በዚህ ፊት ላይ ቡገንቪሊያ ተክሎ አበባ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ደቡባዊው ፊት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ከሆነም የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ለብርድ ትንሽ ስስ የሆነ ሐረግ በከተማችን የሚያድገው እዚያ ነው።

አጥሩ ከምን እንደተሠራ ሳይታይ ሐረግ አይመረጥም። በመሐል ከተማ ገና ብዙው አጥር ቆርቆሮ ነው፣ የባሕር ዛፍ አጠና ቋሚና ማገር ላይ የተመታ። ቆርቆሮ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ቅጠል በቀጥታ ከተደገፈበት ቀን ይቃጠላል፣ ሌሊት ይበርደዋል። መፍትሔው ከቆርቆሮው ፊት ከ8 እስከ 10 ሳንቲም ክፍተት ትቶ ለብቻው ሽቦ መወጠር ነው። የሽቦው መስመሮች በ30 እና በ40 ሳንቲም ልዩነት ቢዘረጉ፣ ጫፋቸውም ከቆርቆሮው ሳይሆን በኮንክሪት ከተተከለ ብረት ቋሚ ጋር ቢታሰር ይበረክታል። አጠናው ራሱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በእርጥበትና በምስጥ ተበልቶ በጥቂት ዓመታት ይወድቃል፤ ያደገ ሐረግ ደግሞ በክረምት ዝናብና በረዶ ጠጥቶ ሲከብድና ነፋስ ሲመታው ደካማ አጥርን ይዞ ይሄዳል። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቋሚው ላይ የሚቀቡ አሉ፤ ሐረግ በሚተከልበት ሥር ይህን ማድረግ አፈሩን መመረዝ ስለሆነ አልመክርም።

ሐረጎች የሚወጡበት መንገድም የተለያየ ነው። አንዳንዱ ግንዱን ራሱን እያሽከረከረ ይጠመጠማል፣ አንዳንዱ እንደ ክር ቀጭን የሆነ መያዣ አውጥቶ ይጨብጣል፣ አንዳንዱ የቅጠሉን አገዳ ያጥፋል፣ አንዳንዱ ከግንዱ በሚያወጣቸው ጥቃቅን ሥሮች ግንብ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ደግሞ በእሾሁ ተደግፎ ይንጠላጠላል። የቅጠል አገዳውን የሚያጥፍ ሐረግ ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ቢተከል መውጣት ያቅተዋል፤ የሚለጠፈው ደግሞ ልስኑ የላላ ግንብ ላይ ቢወጣ ልስኑን ይዞ ይረግፋል። ችግኝ ከመግዛታችን በፊት አጥራችንን ቆም ብለን እንየው።

ወደ ተክሎቹ ስመጣ በአገራችን ደጋ ጫካ በተወለዱት እጀምራለሁ፤ የማምነውም በእነሱ ነው። እነዚህ ሐረጎች ቀዝቃዛውን ሌሊት፣ ኃይለኛውን ፀሐይና ወራት የሚፈጀውን ድርቅ አንድ ላይ ለዘመናት ሲችሉ የኖሩ ናቸው፤ ይህን አንድ ላይ የሚፈትን ሌላ አገር ብዙ የለም።

ከሁሉ በፊት ጠምበለልን አነሣለሁ። ሳይንሳዊ ስሙ ጃስሚኑም አቢሲኒኩም ሲሆን፣ በደጋ ደኖችና በደን ዳርቻዎች ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ፣ ቅጠሉን የማያራግፍ ሐረግ ነው። ቅጠሎቹ በግንዱ ግራና ቀኝ ትይዩ ሆነው ይወጣሉ፣ እያንዳንዱም ቅጠል በሦስት ትንንሽ ቅጠሎች ይከፈላል፤ መልኩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ላዩ አብረቅራቂ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ሐምራዊ ቀለም ጣል ያለበት ነው፤ ሽታው ምሽት ላይ ግቢውን ይሞላዋል። በአጥር ላይ ያለው ትልቁ ጥቅም ግን ከአበባው ይልቅ የቅጠሉ ነው፦ በጥር ወር እጅ ቢነካው ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል፤ ጥላም ይችላል፣ ስለዚህ ቅድም በጠቀስኩት ሰሜናዊ ፊት ላይ ልተክለው ከምደፍራቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ድክመቱ አዝጋሚነቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን እንጂ ግንዱን አያሳድግም፤ ትዕግሥት ያጣ ሰው «ይኼ አያድግም» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ሦስተኛውን ዓመት ሲይዝ ግን አጥሩን ከላይ እስከ ታች ይለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላም ማገጃ ካልተደረገለት የጎረቤትን ዛፍ ሳይቀር ይወርሳል።

ጠምበለልን ለማባዛት ከጫካ መንቀል አያስፈልግም፣ ተገቢም አይደለም። ካለው ሰው ግቢ ዝቅ ብሎ የሚሳብ የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ይመረጥና አንጓው በታች በኩል ልጡ በቢላ በስሱ ይፋቃል፤ የተፋቀው ቦታ 8 ሳንቲም ያህል በተቆፈረ አፈር ውስጥ ተቀብሮ እንዳይነሣ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ጫፉ ግን ከአፈር ውጭ ይቀራል። ይህ በሰኔ መጀመሪያ ከተሠራ ክረምቱን በሙሉ ከእናቱ እየጠባ ሥር ያበጃል። ቀስ ብሎ ሲሳብ እንቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ስለሆነ ከእናቱ ተቆርጦ ለብቻው ሊተከል ይችላል።

ሁለተኛው አዞ ሐረግ ነው፤ ይህ ስም ለሁለት ለሚቀራረቡ የክለማቲስ ዝርያዎች ይሰጣል። አንደኛው ክለማቲስ ሲመንሲስ ይባላል፣ የስሜን ተራሮች ስም ያለበት። በፈረንጆቹ ግቢ ትልልቅ ሐምራዊ አበባ የሚያወጡት ክለማቲሶች ዘመዱ ናቸው፤ እነሱ በእንቅልፋቸው ጊዜ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ አዞ ሐረግ ግን ደጋችንን የለመደ ነው። የሚወጣው የቅጠሉን አገዳ በማጠፍ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ወይም የወንፊት ሽቦ ይወዳል። ፈጣን ነው፣ ነጣ ያለ ቢጫማ አበባ ያወጣል፣ አበባው ሲያልፍ ዘሩ ላባ የመሰለ ነጭ ጭራ አውጥቶ አጥሩን ያለብሰዋል። ጥንቃቄ የሚሻው ጭማቂው ነው፤ ቆዳን የሚያቆስልና ውኃ የሚያስቋጥር ስለሆነ ሲገረዝ ጓንት ሳይደረግ መንካት አይገባም፣ ልጆችም በቅርንጫፉ እንዳይጫወቱ መንገር ያስፈልጋል። እኔ ብቻውን አልተክለውም፤ ከጠምበለል ጋር አጣምሬ ብተክለው አዞ ሐረጉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አጥሩን ይሸፍንልኛል፣ ጠምበለሉ ሲደርስ ደግሞ አዞ ሐረጉን እየቀነስኩ እሄዳለሁ።

ሦስተኛው ቀጋ ነው። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚገኘው ብቸኛው የጽጌረዳ ዘር ይኸው የእኛ ቀጋ መሆኑን ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ ይህም ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ያለውን ከተማችንን ጠቅልሎ ይይዛል። ብቻውን ቢሆን ቁጥቋጦ ነው፣ ድጋፍ ካገኘ ግን በእሾሁ እየተንጠላጠለ ብዙ ሜትር ይወጣል። ነጭ አበባው ለንብ፣ ቀይ ፍሬው ለልጆችና ለወፎች ነው። ከገመና በተጨማሪ የሌባ እግር የሚያግድ አጥር ለሚፈልግ ሰው ከቀጋ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን ራሱ አይጠመጠምም፣ ቅርንጫፎቹን እየመረጡ በገመድ ወይም በጨርቅ ከሽቦው ጋር ማሰር የባለቤቱ ሥራ ነው። የመተላለፊያ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች በሆነ ጠባብ ግቢ ውስጥ ልብስ ይቀዳል፣ ዓይንም ያሰጋል፤ እንደዚያ ላለው ቦታ አይሆንም።

እንዶድንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አያቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ይህ ተክል በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ የሚያድግ፣ ደጋውን የሚወድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ወደሚያስችል ምርምር መርቷቸዋል። ያው ፍሬ ሲበላ ለሰውም መርዝ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት፣ ወይም የዓሣ ገንዳ አጠገብ፣ ምንም ያህል ቢያምር እንዶድን አጥር ማድረግ የለብንም።

ከውጭ የመጡትን በአጭሩ ላንሣ። ቡገንቪሊያ ከብራዚል የመጣ ነው፤ በደቡብ ፊት ባለ ግንብ ላይ ድንቅ ነው፣ ድርቅን እንደ እሱ የሚችል ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ጠንከር ያለ ውርጭ ለጋውን ጫፍ ያቃጥላል። አበባው አነስ የሚለውና ቅጠሉ ለስላሳ የሆነው ግላብራ የተባለው ዝርያ፣ ጸጉራም ቅጠል ካለው ስፔክታቢሊስ ይልቅ ብርዱን ይችላል። ሐምራዊ ፍሬ ያለው ፓሽን ፍሩት ፍሬም ጥላም ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ከታች እየተራቆተ ይሄዳል። ረጅም ሙዝ መሳይ ፍሬ ያለው ዘመዱ ከአንዲስ ተራሮች የመጣ በመሆኑ ለብርድ ይበልጥ ይጠነክራል፤ በሐዋይና በኒውዚላንድ ከግቢ አምልጦ ደን የወረረ ስለሆነ ግን ለእንጦጦና ለጉለሌ ደኖች ስል አልመክረውም። የጃፓን ሀኒሰክል የተባለው ሐረግም እንዲሁ ነው፦ ሽታው ጥሩ፣ ብርድ ቻይነቱ የተመሰከረ፣ በአሜሪካ ያደረሰው ወረራ ደግሞ የታወቀ። አይቪ የተባለው ተለጣፊ ሐረግ ለጥላማ የድንጋይ ግንብ ይሆናል፤ ልስኑ ከላላ ግን ይጐዳዋል። ስታር ጃስሚን በአማርኛ ስም የሌለው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ፣ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ የሚችል ሐረግ ነው፤ ከውጭዎቹ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ከገበያ ስትገዙ የዝርያውን ስም ያለ ጥርጣሬ የሚነግራችሁ ሻጭ አታገኙ ይሆናል። እዚሁ አራት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ብሔራዊ ሄርባሪየም የኢትዮጵያን ዕፅዋት ደረቅ ናሙናዎች ያስቀምጣል፤ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም አገር በቀሎቹን በሕይወታቸው ለማየት የሚመች ቦታ ነው። ከክረምት ይልቅ አሁን፣ በበጋው ሂዱ። በየሰፈራችሁም ስትዘዋወሩ በጥር ወር የማንን አጥር አረንጓዴ ሆኖ እንደምታገኙት አስተውሉ፣ በሩንም አንኳኩታችሁ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህን የሚከለክል የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አተካከሉን በሚመለከት፣ ዋናው ስሕተት ችግኙን ከግንቡ ጋር አስጠግቶ መትከል ነው። የግንብ ሥር ዝናብ ስለማያገኘው በክረምት እንኳ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ከግንቡ ከ40 እስከ 50 ሳንቲም ርቆ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲም ሆኖ ቢቆፈር፣ ችግኙም ወደ አጥሩ ዘንበል ተደርጎ ቢተከል ይሻላል። በችግኞቹ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። አፈሩ መረሬ ከሆነ በክረምት ውኃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሳል፣ በበጋ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል፤ ለዚህ መድኃኒቱ መደቡን 25 ሳንቲም ያህል ከፍ ማድረግ፣ ብስባሽና አሸዋ መቀላቀል፣ መስከረም ሲያልቅም በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ማልበስ ነው። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያህል ቦታ ይተውለት።

መትከያው ጊዜ የሰኔ አጋማሽ ነው፤ ችግኙ ከመጀመሪያው ብርድ በፊት አምስት ወር ያህል ሥር የሚሰድበት ጊዜ ያገኛል። በጳጉሜን ወይም በመስከረም የተተከለ ግን ሥር ሳይዝ ኅዳር ይደርስበታል። ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ ከነሐሴ በኋላ መስጠት አይገባም፣ መግረዝም እንዲሁ፤ ሁለቱም ለጋ ጫፍ ያስወጣሉ፣ ውርጭ አስቀድሞ የሚበላውም ለጋውን ነው። የመግረዣው ጊዜ የካቲት ነው፣ ብርዱ ሲያልፍና የበልጉ ዝናብ ሲቃረብ። በመጀመሪያው በጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ ጠልቆ እንዲገባ ማጠጣት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የልብስ ማለቅለቂያ ውኃም ይሆናል፤ በረኪና የገባበት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት ይሁን፣ እርጥብ አፈር ቀን የፀሐይን ሙቀት ተቀብሎ ሌሊት ስለሚመልስ ሥሩን ከብርድ ያግዘዋል።

በንግግሩ መጨረሻ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ላስፍር። አንዲት እናት ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ቡገንቪሊያቸው በየታኅሣሡ ከላይ እየተቃጠለ፣ ከታችም እየተራቆተ በመሄዱ ነቅለው ሊጥሉት ማሰባቸውን ነግረውን «ልጄ፣ ይነቀል ወይስ ይቆይ?» ሲሉ ጠየቁ። እማማ፣ አይነቀል። በየካቲት ማብቂያ ከመሬት አንድ ሜትር አስቀርተው ያስቆርጡት፤ የደረቀውን እንጨት ሁሉ ያስወጡ፣ ከቆርቆሮውም ፊት አዲስ ሽቦ ያስወጥሩ። በልጉ ሲዘንብ ከታች ያቈጠቁጣል፣ የተራቆተው ክፍልም ይሸፈናል። በሰኔ በግራና በቀኙ ሁለት የጠምበለል ችግኞች ይትከሉ፣ ከአሮጌው ሥር 80 ሳንቲም ያህል ርቀው። እነሱ እስኪደርሱ ድረስ ቡገንቪሊያው ግቢዎን ይሸፍንልዎታል፤ በሦስተኛው ጥር ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው የትኛው እንደሚቀር ያን ጊዜ ይወስናሉ።